ሙስዓብን የገደለው ወባ አይደለም

የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
አቦቦ፣ ጋምቤላ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለፈትሂያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ያለሽበት የበረዶ አገር ሰላም ያድርግሽ፤ ጾሙንም ያግራልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ።

ወሬው የደረሰኝ ሐሙስ የካቲት 13 ቀን ነው። ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ነበር። ጎረቤታችን ሰአዳ ከጥጡ እርሻ እየሮጠች መጣች። አንዱ እግሯ ላይ ጫማ የለም።

«እት ነሲባ፣ ልጅሽ ሙስዓብ ጥጡ መሃል ወደቀ» አለችኝ።

«ምን ነካው?»

«እንጃ። አጠገቤ እየለቀመ ነበር። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ተኛ።»

በቆሎዬን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። የሆነው ሆነና ጀምበር ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ገና እየመረመሩት ነፍሱ ወጣች። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቱ ሱሩር አጠገብ ቀበርነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ቶሎ ያልጻፍኩልሽ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ይህችንም ሦስት ቀን ፈጀሁባት። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ መቆሙን ታውቂያለሽ። ሰአዳ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ጤና ጣቢያው የሰጠኝ ወረቀት «የሞት ምክንያት፦ ወባ» ይላል። ፈትሂያ፣ እኔ በዚህ ቆላ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ወባን አውቀዋለሁ። ወባ ቀን ይሰጣል። ያንቀጠቅጣል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሙስዓብ ጠዋት ቂጣውን በልቶ፣ ሰአዳን «ዛሬም በምለቅመው ኪሎ እበልጥሻለሁ» ብሎ እያሳቃት ወጣ። ማታ አልነበረም። እንዲህ ያለ ወባ አላውቅም።

አንቺ ኖርዌይ ድረስ ሄደሽ የምትማሪው ስለ ሙቀትና ስለ ሰው ጤና መሆኑን ነግረሽኝ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፀሐይ ጤነኛ ወጣት በአንድ ቀን ትገድላለች? ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ይህን ብቻ መልሺልኝ።

አክስትሽ ነሲባ


መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኦስሎ

ለተከበሩ አክስቴ ነሲባ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ሙስዓብን ይማርልን፤ ለእርስዎም ሰብር ይስጥዎ። አባቴ ሲሞት ከሙስዓብ ጋር በአንድ መደብ ያስተኙኝ እርስዎ ነዎት። ወንድሜ ነበር። የጠየቁኝን ልመልስ።

አዎ፣ ትገድላለች። ሰውነታችን የሚበርደው በላብ ነው። አየሩ ከሰውነታችን ሲሞቅ፣ በዚያ ላይ ከረግረጉ የሚነሳ እርጥበት ሲጨመርበት፣ ላቡ አይደርቅም፤ ሰውነትም አይበርድም። ሰውየው ከባድ ሥራ ላይ ከሆነ ሙቀቱ ከውስጥም ይመጣበታል። በመጨረሻ ላቡ ጭራሽ ይቆምና አእምሮውን ይስታል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በዚያው በየካቲት ከድንበሩ ማዶ ደቡብ ሱዳን ውስጥ በሙቀት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ሙቀት ድሮም ነበር፤ የአሁኑ ግን ብቻውን አልመጣም። ፋብሪካና መኪና ያላቸው አገሮች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ከሰልና ነዳጅ አቃጥለዋል። ጭሱ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗታል። ሙቀቱ መውጫ አጥቷል።

እንዲህ የሚሞቱ ሰዎች በብዙ አገር በሌላ በሽታ ስም ይመዘገባሉ። ስለዚህ የሚቆጥራቸው የለም። ቢከብድዎትም እነዚህን ቢመልሱልኝ፦ የወባ ምርመራው ምን አለ? ቆዳው ደረቅ ነበር? አነጋገሩ ተሳስቶ ነበር? እንደ ወደቀ ገላውን በውሃ አቀዝቅዘውት ነበር? የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዋናው ነው።

ልጅዎ ፈትሂያ


ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አቦቦ

ለፈትሂያ፣

ዒድን እንዴት ዋልሽ? የከርሞ ሰው ይበለን። እኔ ሰአዳ ቤት ዋልኩ፤ ቤቴ ውስጥ የሚበላ አልሠራሁም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። መዝገቡን የሚይዘው ቢየል የሚባል የኑዌር ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው።

«ቢየል፣ የልጄን ምርመራ አሳየኝ» አልኩት።

«እናቴ፣ በትኩሳት የመጣ ሁሉ ወባ ተብሎ ነው የሚጻፈው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ምርመራው ምን ይላል?»

መዝገቡን ገለጠ፤ ጣቱን አስሄደ። «ምርመራው ወባ የለውም ይላል። ትኩሳቱ አርባ ሁለት።»

«ታዲያ የሌለውን ወባ ከየት አመጣችሁት?»

«ሙቀት የሚል ቦታ መዝገቡ ላይ የለም። ሙቀት በሽታ ከሆነ ጋምቤላ በሙሉ አልጋ ይያዝ!» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱም ሳቁን ተወው።

ከዚያ ወደ እርሻው ሄድኩ። የለቃሚዎቹ አለቃ ካቦው አሁንም ሰዎቹን በቀትር ያስለቅማል። ለቃሚዎቹ ሁሉ እየሰሙ «ልጄን የገደለው ሙቀት ነው፤ ሰዓቱን ቀይር» አልኩት።

«እት ነሲባ፣ ሙቀት የአላህ ነው። በአላህ ሥራ ልትከሺኝ ነው?»

«ሙቀቱ የአላህ ነው። በስድስት ሰዓት ልቀሙ ያለው ግን አንተ ነህ።»

ፊቱ ቀላ። «ሙቀት የገደለው ሰው ካለ በወረቀት አሳዪኝ። ያን ቀን ሰዓቱን እቀይራለሁ።»

ቃሉን ሁሉም ሰምተዋል። ወረቀቱ ግን ወባ ነው የሚለው። ተመልሼ ቢየልን ጠየቅኩት። «እንዲቀየር ከፈለግሽ፣ ከወደቀበት ሰዓት እስከ ሞተበት ሰዓት አብሮት የነበረ ሰው ምን እንዳየና ምን እንደተደረገለት ጽፎ ይፈርም። እኔ ከምርመራው ጋር አያይዤ ለሐኪሙ አቀርባለሁ» አለኝ። አስብበታለሁ ብዬው ወጣሁ።

ለጥያቄሽ፦ ቆዳው ደረቅ ነበር። አነጋገሩም ተሳስቶ ነበር፤ እኔን በሟች አያቱ ስም ጠራኝ።

አሁን የእኔ ጥያቄ። አቃጠሉ ያልሻቸው አገሮች እነማን ናቸው? አንቺ ያለሽበትስ አለበት?

ነሲባ


ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኦስሎ

ለአክስቴ ነሲባ፣

ጤናዎን አላህ ያብዛው፤ ልብዎንም ያበርታው።

አለበት። ይህ አገር የከበረው ከባሕር ሥር በሚያወጣው የነዳጅ ዘይትና ጋዝ ነው። እኔ የምማርበት ገንዘብም ከዚያው ይመጣል። ቀድሜ ያልነገርኩዎት አፍሬ ነው። የዚህ አገር ሰዎች ደናቸውን ለሚጠብቁ ድሃ አገሮች ይከፍላሉ፤ መኪኖቻቸውም በኤሌክትሪክ ናቸው፤ ዘይቱን ግን ለሌላው ይሸጣሉ። አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ዛሬ ደግሞ ቻይና ከሁሉ በላይ ያቃጠሉ ናቸው። የኢትዮጵያ ድርሻ ኢምንት ነው።

የዓለም መንግሥታት ስለ ሙቀቱ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። በሙቀትና በጎርፍ ለተጎዱ አገሮች ገንዘብ የሚዋጣበት ሣጥን አቋቁመዋል። ክርክሩ ቃል ላይ ነው። «እንርዳ» ይላሉ፤ «አጥፍተናልና እንካስ» የሚለው ግን እንዳይጻፍ በጣም ይጠነቀቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ «ሰዎቹ ከሙቀቱ ጋር እንዲላመዱ እናግዛቸው» ይላሉ።

ስለ ሙስዓብ ለፕሮፌሰሬ ነገርኳቸው። «የአንድን ሰው ሞት ነጥሎ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ማያያዝ አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ሙቀት የመምጣት ዕድሉ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ነው የምናሰላው» አሉኝ። ሳይንሱ ይህን ይላል፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። ነገር ግን ወረቀቱ ከተስተካከለ ሞቱ ቢያንስ በሙቀት ከሞቱት ይቆጠራል። በመጪው የካቲት እዚህ ስብሰባ አለ፤ እንድናገር ጠይቀውኛል። ታሪክዎንና አንድ ፎቶዎን ብይዝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው አንዱን ሳይመልሱልኝ ቀሩ። በውሃ አቀዝቅዘውት ነበር?

ፈትሂያ


ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጋምቤላ ከተማ

ለፈትሂያ፣

አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። ሦስት ወር ዝም ያልኩሽ ታምሜ አይደለም። ይህን ሰአዳ እንድታነሳው አልሰጠኋትም። መኪና ተሳፍሬ ጋምቤላ መጣሁና ፎቶ ቤት አስነሳሁት። ለቢየል የምሰጠውን ቃል አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። መጀመሪያ ለአንቺ ጽፌ ልለማመድ።

እርሻው ጋ ስደርስ ጋሪ ላይ ጭነውት ነበር። ወደ ቤት ያመጣነው እኔ፣ ሰአዳና አኳይ ነን። አኳይን ታስታውሺዋለሽ፤ አልዌሮ ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው አኙዋክ ጎረቤታችን ነው። የሙስዓብን ደረት ነካና እንዲህ አለኝ፦

«ነሲባ፣ ይሄ ወባ አይደለም። ገላው ደርቋል። ውሃ ውስጥ እናስገባው። አልዌሮ ቅርብ ነው።»

«በትኩሳት የነደደ ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ? ልትገድልብኝ ነው?»

«እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«እናንተ የውሃ ሰዎች ናችሁ። እኛ አይደለንም!»

በሩን ዘጋሁበት። መስኮቱንም ዘጋሁ። እናቴ በ77 ድርቅ ከወሎ ስንሰፍር ይዛው የመጣችው ሕግ ነው፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ነፋስ አይንካው፣ ይሸፈን፣ ላቡ ይውጣለት። ጋቢ ደረብኩለት። በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደረብኩለት። «እማ፣ ግለጪልኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ። «ትንሽ ታገሥ፣ ላብህ ሊመጣ ነው» አልኩት። ላቡ አልመጣም። ሁለት ሰዓት እንዲህ አስቀምጬው ነው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድነው።

በማግስቱ ወንዶቹ ገላውን ሲያጥቡ ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ። ውሃው ሲፈስ እሰማለሁ። አኳይ ከአልዌሮ የቀዳው ነው። በሕይወት እያለ የከለከልኩት ውሃ ነው። አኳይ እስከ ዛሬ «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም።

አንቺ ደግሞ ጭሱ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗታል ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያን ቀን ስልኩን ለሰአዳ መለስኩና እስከ ማግስቱ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ሳታውቂ ነው የጻፍሽው።

ሲቆይ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። እኔ ሳላውቅ ሸፈንኩ። ላድነው ብዬ ሸፈንኩ። እነዚያ እያወቁ ነው የሚሸፍኑት። ግለጡልን ስንላቸው ስብሰባ ይጠራሉ። ተላመዱ ይላሉ? እኔ ከደጋ መጥቼ ወባውን፣ ጎርፉን፣ ቆላውን አርባ ዓመት ተላምጃለሁ። እነሱስ መቼ ነው ሳያቃጥሉ መኖርን የሚላመዱት?

ፕሮፌሰርሽ አንድን ሰው ነጥሎ መናገር አይቻልም ካሉ ለእሳቸው አይቻል ይሆናል። እኔ የወለድኩት ነጥዬ ነው።

ነሲባ


ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኦስሎ

አክስቴ፣

አላህ ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጀምሬ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ያን ጥያቄ ሁለት ጊዜ በመጠየቄ ይቅር ይበሉኝ። ለጥናት ቅጽ ነበር የጠየቅኩት።

እኔም የደበቅኩት አለ። ሙስዓብ በጥር «ፈትሁ፣ ሙቀቱን ትንሽ እንዲቀንሱልን ለነጮቹ ንገሪልን» ብሎ ልኮልኝ ነበር። የሳቅ ምልክት ላክሁለት። ሌላ አልጻፍኩለትም።

እባክዎ ያን ቃል ፈርመው አይስጡ። የእርሻው ሰዎች ያገኙታል። «እናቱ ናት የገደለችው» ይላሉ። ከወረቀቱ የእርስዎ ሰላም ይበልጥብኛል። ፎቶውም ታሪኩም ይቅር፤ በስብሰባው ላይ ስለ ቁጥሮች እናገራለሁ።

ፈትሂያ


ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.
አቦቦ

ለልጄ ለፈትሂያ፣

የሰማይና የምድር ጌታ ከእኔ ይልቅ ላንቺ ይቅረብ። ምክርሽን አነበብኩ። የወደድሽኝን ያህል ነው የመከርሽኝ። ግን አልሰማሁሽም።

የለቀማው ወቅት ሲገባ ቃሌን ጽፌ ፈረምኩ። አኳይ እማኝ ሆኖ ፈረመ፤ ሰአዳም ፈረመች። ምንም አላስቀረሁም። ጋቢውን ጻፍኩ፤ ብርድ ልብሱን ጻፍኩ፤ ግለጪልኝ ማለቱን ጻፍኩ። ቢየል ሲያነብ ቆይቶ «እናቴ፣ ይህን መስመር ብናወጣው?» አለኝ።

«ያ ከወጣ የቀረው ውሸት ይሆናል፤ ተወው» አልኩት።

ሐኪሙ ለመፈረም አምስት ሳምንት ፈጀበት። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። በስድስተኛው ጊዜ ከደጃፉ አልነሳም ብዬ ተቀመጥኩ። ፈረመ። ወረቀቱ አሁን «የሞት ምክንያት፦ ከከባድ ሙቀት የመጣ ሕመም» ይላል። ቢየል ከመዝገቡ ዓምዶች ጎን በማስመሪያ ሌላ ዓምድ አሰመረ። ከመንደራችን የመጀመሪያው ስም ሙስዓብ ነው። ከእሱ ወዲህ ሁለት ተጽፈዋል።

ወረቀቱን ይዤ እርሻው ሄድኩ። ለቃሚዎቹ ጆንያቸውን ይዘው ቆመዋል። ካቦው ወረቀቱን አነበበ፤ ከሱ ጋር የተያያዘውን የእኔን ቃልም አነበበ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሰማችሁ? ልጁን አፍና የገደለችው ራሷ ናት! እዚህ ጋ ጽፋዋለች!»

ፈትሂያ፣ የፈራሽልኝ ይህን ነበር። እኔም ለስንት ወር የፈራሁት ይህን ነበር። ሲመጣ ግን ወደ ኋላ አላልኩም።

«አዎ፣ እኔም አለሁበት» አልኩት። «ድርሻዬን በስሜ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ልጄን አርባ ሁለት ዲግሪ አድርጎ ወደ ቤቴ የላከልኝ ግን ማን ነው? እስክሪብቶው ይኸው፤ አንተም ድርሻህን ፈርም።»

አልተቀበለኝም። እስክሪብቶዬን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። ሰአዳ ጆንያዋን መሬት ላይ ጣለችና «ካቦ፣ ዛሬ አንተ ልቀም! እኛ ጥላ ውስጥ ሆነን እንመዝንልሃለን» አለች። ሰው ሳቀ። ከዚያ አንዱ ጆንያውን ጣለ፣ ሌላውም ጣለ። «በወረቀት አሳዪኝ ብለህ ነበር!» ብለው ጮኹበት። ያን ቀን ቀትር ላይ አንድ ኪሎ ጥጥ አልተለቀመም። በማግስቱም አልተለቀመም። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ መጣ። አሁን የሚለቀመው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ አራት ተኩል፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ለዘንድሮ ብቻ ነው ብሏል። ስለ ከርሞው ከርሞ እንነጋገራለን።

ሁሉም ደስ አላላቸውም። አንዳንድ ሴቶች በመንገድ ሲያዩኝ ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ይሳቡ። እኔ በየቤቱ እየገባሁ መናገሬን አልተውኩም፦ ከፀሐይ ወድቆ የመጣን ሰው አትሸፍኑት፤ ልብሱን ግለጡለት፤ ውሃ አፍስሱበት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ምክሩ የአኳይ ነው። ያኔ እምቢ ያልኩ እኔ መሆኔንም እነግራቸዋለሁ፤ ካልነገርኳቸው አያምኑኝም።

ስብሰባሽ እንደ ደረሰ ነግረሽኛል። ስለ ቁጥሮች አትናገሪ። ይህን ደብዳቤና የሐምሌውን አንብቢላቸው። የእኔን ጥፋት አስቀድመሽ አንብቢ፤ አትዝለይው። ፎቶዬን አልልክም፤ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን እንዲሰሙኝ ነው የምፈልገው። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦ አንዲት ስድስተኛ ክፍል የተማረች ሴት የራሷን ድርሻ ጽፋ ፈርማለች፤ እናንተ ቃሉን የምትፈሩት ለምንድን ነው? ዘይቱን የሚያወጡትም፣ የሚገዙትም፣ ለከርሞ እንየው የሚሉትም በአዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ። እርዳታ አልጠየቅኳቸውም። መጀመሪያ ይፈርሙ። ከዚያ እሳቱን ይቀንሱ።

አንቺም አትፈሪ። ገንዘቡ የዘይት ከሆነ በዘይቱ ገንዘብ የተማረ አፍ እውነት ይናገርበት። ስለ ሳቅ ምልክቷም ራስሽን አትውቀሺ፤ እሱ እንድትስቂ ነው የላከልሽ።

ይህን የምትሰሙ ሰዎች፣ ስማችሁን አላውቅም። ክርስቲያን ብትሆኑም፣ ሙስሊም ብትሆኑም፣ በምንም የማታምኑ ብትሆኑም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወደ ክርክራችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ጥቂት ዝም በሉና፣ ስሙን በአፋችሁ ጠርታችሁ ዱዓ አድርጉለት። ጌታው መቃብሩን እንዲያሰፋለት፣ እንዲያቀዘቅዝለትም ለምኑለት። ስሙ ሙስዓብ ሱሩር ነው። በሙቀት ነው የሞተው።

እናቱ ነሲባ